ውጫዊው የቪዲዮ መቅረጫና የቀራጺው አደራ



ከአዲስ አበባ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ገላን፣ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለለች የፋብሪካና የመጋዘን ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ለሚሠራ የቪዲዮ ባለሙያ የሥራው ዐይነት ብዙ ነው፤ በሳምንቱ መካከል የፋብሪካ ምረቃና የሠራተኞች ስብሰባ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሠርግና መልስ፣ በየመካከሉም ተዝካርና የትምህርት ቤት በዓል ይቀርጻል። መሣሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ካሜራ አይበልጥም። ካሜራውም አስቀድሞ ለፎቶግራፍ የተሠራ፣ ቪዲዮ መቅረጽ በኋላ የተጨመረለት ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ባለሙያውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሠርግ ነው። የፋብሪካው ሪባን ካስፈለገ ሁለተኛ ይቆረጣል፤ ሥራ አስኪያጁም ንግግሩን ደግሞ ቢያነብ ቅር አይለውም። የሙሽራይቱ አያት ምርቃት ግን አይደገምም። ምርቃቱ በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ ለወንዱ ወገን ሲባል በአማርኛ ሊቀጥል፣ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ሊተላለፍ፣ ግማሽ ሰዓት አልፎም ሊሄድ ይችላል። ካሜራው ድምፅ ሳያሰማ የሚያቆመውም በዚህ መካከል ነው። ቀራጺው በስክሪኑ ላይ ምስሉን እያየ ስለሆነ እየተቀረጸ ይመስለዋል፤ የቀይዋን ምልክት መጥፋት የሚያስተውለው የመጨረሻው «አሜን» ተብሎ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ አያት ያረፉ እንደ ሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚፈልገው የጭፈራውን ቅጂ ሳይሆን የዚያችን ግማሽ ሰዓት ነው። ውጫዊ መቅረጫ ለገላን ቀራጺ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው።

ካሜራው ለምን እንደሚያቆም ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ የብዙ ቀራጺዎችን አሠራር የለወጠው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 በካርዱ ላይ አንዱን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ መጻፍ ስለማይችል፣ በሙሉ ጥራት ሲሠራ 12 ደቂቃ ገደማ ሲደርስ ያቆም ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ካሜራዎች ፋይሉን እየከፋፈሉ መቀጠል ቢችሉም፣ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲሞላ እንዲያቆሙ ተደርገው ተሠሩ። ይህ የመሣሪያው ድካም አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ደንብ በአንድ ጊዜ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽን መሣሪያ ከቪዲዮ ካሜራ መደብ ስለሚያስገባውና በቪዲዮ ካሜራ ላይ ቀረጥ ይከፈል ስለነበር፣ አምራቾቹ አንዲት ሴኮንድ አጉድለው ከቀረጡ አመለጡ። በሩቅ አገር ለተጻፈ የጉምሩክ ደንብ የገላን ሽማግሌ ምርቃት መቆረጡ የሚያስገርም ነው። ቆይቶ ቀረጡ እየቀረ በመሄዱ ብዙዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ገደቡን ትተውታል፤ ሆኖም በቀራጺው እጅ ያለው ሁልጊዜ አዲሱ አይደለም።

ውጫዊ መቅረጫ ሲባል ከካሜራው አካል ውጭ የሚቀመጥ መቅረጫ ማለት ነው እንጂ ከውጭ አገር የመጣ ማለት አይደለም፤ በእርግጥ ከውጭ አገር የማይመጣ የለም። ካሜራው በሌንሱና በሴንሰሩ የተቀበለውን ምስል በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ወይም በኤስ.ዲ.አይ. ገመድ ያወጣዋል፤ መቅረጫው ያንኑ ተቀብሎ በራሱ ዲስክ ላይ ይጽፋል። የካሜራው ካርድ ቢሞላ፣ የካሜራው ሰዓት ቢያልቅ መቅረጫው አይመለከተውም፤ ምስል በገመዱ እስከ መጣለትና ዲስኩ እስካልሞላ ድረስ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአጃ ኩባንያ «ኪ ፕሮ»፣ ቀጥሎም የአውስትራሊያው አቶሞስ «ኒንጃ» እና የብላክማጂክ «ሃይፐርዴክ ሸትል» ለገበያ ቀርበው መሣሪያው በትንሽ ገንዘብ ለሚሠራ ባለሙያም እየቀረበ መጣ። በተለይ ስክሪን ያላቸው እንደ ኒንጃ ያሉት ሞኒተርም መቅረጫም ስለሆኑ በአንድ ወጪ ሁለት ሥራ ይሠራሉ።

ለሙያው ግን መቅረጫን ከካሜራ መለየት የቆየ ሥርዓት ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ፖርታፓክ ካሜራው በእጅ የሚያዝ፣ መቅረጫው በትከሻ የሚንጠለጠል ነበር፤ ቴፑ 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ወደ ኋላ የሚጠቀለለውም በእጅ ተዘውሮ ነበር። ዩማቲክ የተባለው ካሴት ለዜና ሥራ በዋለበት ዘመንም ካሜራማኑና መቅረጫ ያዡ በአንድ ወፍራም ገመድ፣ በቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ተያይዘው ይሄዱ ነበር። አንዱ ሲሮጥ ሌላው መሮጥ ነበረበት። ካሜራማኑን ከዚህ ቀንበር ያላቀቀው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውና ሁለቱን በአንድ አካል ያጣመረው ቤታካም ነው። መቅረጫ ያዡ ሲቀር ግን ከእርሱ ጋር አንድ ነገር አብሮ ቀረ፤ ይኸውም ስለ ምስሉ ማማር ሳይጨነቅ፣ መቀረጹን ብቻ የሚጠብቅ ሁለተኛ ዐይን ነው።

በፊልም ይሠራ በነበረበት ጊዜም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተሠራ ነው። በፊልም የሚሠራ ባለሙያ ካሜራውን ሳይለውጥ የሚጎርሰውን ፊልም ብቻ በመለወጥ የምስሉን ጠባይ ለመለወጥ ይችል ነበር፤ ድምፁም እንደ ስዊሱ ናግራ ባለ የተለየ ቴፕ መቅረጫ ይቀዳ ነበር። ዲጂታሉ ካሜራ ሲመጣ ዐይኑም መዝገቡም በአንድ ሣጥን ውስጥ ታሸጉና ባለሙያው አምራቹ የመረጠለትን መዝገብ ተቀብሎ ለመሥራት ተገደደ። ውጫዊው መቅረጫ ይህን ምርጫ ነው የመለሰለት።

ስለ ምስል ጥራት ብዙ ይወራል፤ ከሚወራውም ከፊሉ ትክክል ነው። ፎቶግራፍ ለማንሣት የተሠሩ የቆዩ ካሜራዎች በካርዳቸው ላይ የሚጽፉት እጅግ የተጨመቀ ምስል ነው። ቀለሙን 4:2:0 በሚባለው መንገድ ስለሚቆጥቡ፣ ከአራት ነጥቦች ለአንዱ ያህል ብቻ የቀለም መረጃ ይቀራል። የዚህን ጉዳት ለማየት ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፤ የሐበሻ ቀሚስን ጥለት መመልከት ይበቃል። ቀይና አረንጓዴ ክር ጎን ለጎን በተሸመነበት ጠባብ ጥለት ላይ ቀለሞቹ ከወሰናቸው ወጥተው እርስ በርስ ይፈስሳሉ። 4:2:2 ሆኖ በውጫዊ መቅረጫ የተቀዳው ከዚህ የተሻለ ነው። እንዲሁም 8 ቢት በእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው 10 ቢት 1,024 ደረጃ አለው፤ ልዩነቱ በነጠላ እጥፋትና በአዳራሽ ግድግዳ ላይ በሚደበዝዝ ብርሃን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፓናሶኒክ ጂ.ኤች.4 በካርዱ ላይ 8 ቢት 4:2:0 እየጻፈ በገመዱ ግን 10 ቢት 4:2:2 ያወጣ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7ኤስ ደግሞ 4ኬ ምስል የሚሰጠው ውጫዊ መቅረጫ ለያዘ ሰው ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ በገመዱ 8 ቢት ብቻ የሚያወጣ ካሜራ፣ መቅረጫው በ10 ቢት ፋይል ስለጻፈው 10 ቢት አይሆንም። ጠባብ ምንጭ በትልቅ እንስራ ቢቀዱት ውሃው አይበዛም። በመጥፎ ብርሃን የተነሣ ፊትም በየትኛውም መቅረጫ መጥፎ ነው። በገላን ደረጃ ለሚሠራ ባለሙያ የጥራቱ ትርፍ እውነተኛ ቢሆንም ሁለተኛ ነው፤ ዋናው ትርፍ ያልተቋረጠ ቅጂና ሁለተኛ ቅጂ ነው። ካሜራው በካርዱ፣ መቅረጫው በዲስኩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲቀርጹ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። መቅረጫ ገዝተው የካሜራውን ካርድ ባዶ የሚተዉ ባለሙያዎች የመሣሪያውን ግማሽ ዋጋ ጥለዋል ለማለት ይቻላል። እርግጥ አንዳንዱ ካሜራ በካርዱ ሲቀርጽ በገመዱ የሚያወጣውን ምስል ያሳንሳል፤ 5ዲ ማርክ 2 እንዲህ ያደርግ ነበር። ስለዚህ መቅረጫ ከመግዛት በፊት የካሜራውን ጠባይ መመርመር ግድ ነው።

ከምርመራዎቹ ሁሉ የሚቀድመው በገመዱ የሚወጣው ምስል ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ነው። ብዙ ካሜራዎች በስክሪናቸው ላይ የሚያሳዩትን ምልክት፣ የባትሪውን ሥዕል፣ የፎከሱን አራት ማዕዘን ሁሉ በገመዱ ይልካሉ፤ መቅረጫውም የመጣለትን ይጽፋል። በሙሽራይቱ ቬል ጥግ ላይ ለስድስት ሰዓት የተቀመጠ የባትሪ ሥዕል በቅንብር ጊዜ አይነሣም። ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ንጹሕ ምስል ማውጣት የቻለው እ.ኤ.አ. በ2013 አምራቹ ባወጣው የፈርምዌር እድሳት ነው፤ እድሳቱን ያላስገባ ሰው ካሜራውን ይዞ ጥቅሙን አላገኘም። ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬም ቁጥር ነው። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 50 ሄርዝ፣ የቴሌቪዥኑም ሥርዓት 25 ፍሬም ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ካሜራ ግን በ30 ፍሬም ተስተካክሎ ሊመጣ ስለሚችል በአዳራሹ መብራት ሥር ምስሉ ይርገበገባል፤ የሁለት ካሜራ ምስልም በቅንብር አይገጥምም። አንዳንዱ ካሜራ ደግሞ 25 ፍሬሙን በ50 ኢንተርሌስ ሽፋን ጠቅልሎ ስለሚያወጣ፣ መቅረጫው ፕሮግሬሲቭ መሆኑን እንዲያውቅ ካልተደረገ የሚጨፍር ሰው እጅ ዳር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሙከራ ነው፤ ሙከራው ግን በሠርጉ ቀን ሳይሆን በፊት መደረግ አለበት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የገመድ ጣጣ ነው። በአንድ አካል የነበረው ሁለት ሲሆን መጋጠሚያው ይበዛል፤ እያንዳንዱም መጋጠሚያ የብልሽት በር ነው። የኤች.ዲ.ኤም.አይ. ሶኬት ጠባቂ ቁልፍ የለውም፤ በተለይ በትንንሾቹ ካሜራዎች ላይ ያለው ማይክሮ የሚባለው ሶኬት በቀላሉ ይላላል። በድንኳን ውስጥ አጃቢ ሲጨፍር፣ ሕፃናት በካሜራው እግር ሥር ሲሮጡ ገመዱ ሳይነካ አይውልም። በካሜራው ጎን ገመዱን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ማድረግ፣ ገመዱንም ማሳጠር የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። በኤስ.ዲ.አይ. የሚሠራ ካሜራ ያለው ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ መሰኪያው ተጠምዝዞ ይቆለፋልና።

የመብራት መጥፋት ለየት ያለ ቃል ይገባዋል። አዳራሹ ውስጥ መቅረጫውን ከዲቫይደር ሰክቶ ያለ ባትሪ መሥራት የተለመደ ስሕተት ነው። መብራት ሲጠፋ መቅረጫው እየጻፈ የነበረውን ፋይል ሳይዘጋ ይሞታል፤ ያልተዘጋ ፋይልም ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ስለዚህ ባትሪው ሁልጊዜ በቦታው ሊሆን፣ የግድግዳው መብራት ባትሪውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ እንዳይሆን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ መቅረጫዎች የሚጠቀሙበት ኤን.ፒ.-ኤፍ. የሚባለው የሶኒ ዐይነት ባትሪ ለኤል.ኢ.ዲ. መብራትም ስለሚያገለግል በባለሙያው ቤት አይጠፋም፤ አንዱን ለሁለት ሥራ እያሰቡ መውጣት ግን አደጋ ነው። የአየሩም ጠባይ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ከእንጦጦ ማዶ ባለችው ሱሉልታ ሯጮች በማለዳ ሲለማመዱ ለመቅረጽ የሄደ ባለሙያ በብርዱ ምክንያት ባትሪው ከወትሮው ቀድሞ ሲደክም ያየዋል። ገላን ላይ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በእኩለ ቀን ሲሠራ ደግሞ የሚያስቸግረው ሙቀት ነው።

የዲስኩ ምርጫም እንደዚሁ ከቦታው ጋር ይያያዛል። የመጀመሪያዎቹ መቅረጫዎች የላፕቶፕ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ይቀበሉ ስለነበር ርካሽነቱ ብዙዎችን ስቧል። ተሽከርካሪ ዲስክ ግን መንቀጥቀጥን አይወድም፤ በሠርግ አዳራሽ ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲቀመጥ በባሱ ምት መጻፉን ሊያቋርጥ ይችላል። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከዚህ ነጻ ነው። ከገበያ ሲገዛም የተጻፈበትን ብዛት ሳያምኑ አንድ ጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ፣ የተጻፈውን መልሶ ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የማይዝ ዲስክና ካርድ በየአገሩ ገበያ ይሸጣልና።

እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት ይገባል። ፕሮሬስ 422 በሚባለው የአፕል ኮዴክ በሙሉ ኤች.ዲ. 25 ፍሬም ሲቀረጽ በሴኮንድ 122 ሜጋቢት፣ በሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ4ኬ ሲሆን በሰዓት ወደ 221 ጊጋባይት ይደርሳል። ስድስት ሰዓት የሚቀረጽ ሠርግ እንግዲህ በኤች.ዲ. 330 ጊጋባይት፣ በ4ኬ ከ1,300 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ያውም በአንድ ካሜራ። ከጥምቀት በኋላ በጥር ወር ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ የመጀመሪያው ሳይቀነባበር ሦስተኛው ይደርሳል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ፋታ የለም። በ4ኬ የሚቀርጽ ሰው በዚህ ጊዜ ዲስክ ይጨርስና ያልተቀነባበረውን ለማጥፋት ይፈተናል። ቤተሰቡ ሠርጉን የሚያየው በስልክና በሳሎን ቴሌቪዥን መሆኑ እየታወቀ፣ ለሠርግ 4ኬ መቅረጽ ከጥቅሙ ይልቅ ወጪው ያመዝናል። በኤች.ዲ. ፕሮሬስ፣ ዲስክ ካነሰም ኤል.ቲ. በሚባለው በሰዓት 38 ጊጋባይት በሚወስደው ደረጃ መቅረጽ የሚያሳፍር አይደለም።

ስለ ድምፅ ባጭሩ፤ ማይክሮፎኑ በካሜራው ከተሰካ ድምፁ ከምስሉ ጋር በገመዱ አብሮ ይሄዳል። ከአዳራሹ ሚክሰር በቀጥታ ወደ መቅረጫው ሲገባ ግን ምስሉ በካሜራው ውስጥ በመዘግየቱ ድምፁ ቀድሞ ይገኛል፤ በመቅረጫው ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አለው።

ወጪውን በሚመለከት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ በብር እጥፍ ያህል ሲሆን የሠርግ ቀረጻ ክፍያ በዚያው ልክ አላደገም። በዚህ ጊዜ አሮጌ ካሜራን ይዞ መቅረጫ መጨመር ይሻላል ወይስ ካሜራውን መለወጥ የሚለው የብዙ አባላት ጥያቄ ነው። መልሱ እንደ ካሜራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂ.ኤች.5 በካርዱ ላይ 10 ቢት 4:2:2 ይጽፋል፤ በ2018 የወጣው የብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ በቀጥታ ኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ ይቀርጻል፤ በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ እንኳ በውጫዊ ዲስክ ላይ ፕሮሬስ ይጽፋል። ከእነዚህ አንዱን ያገኘ ሰው ለጥራት ብሎ መቅረጫ መግዛት አያስፈልገውም። ንጹሕ ምስል የሚያወጣ ግን ሰዓቱ የተገደበ ካሜራ ያለው ሰው መቅረጫ ቢጨምር ብዙ ዓመት ይሠራበታል፤ ካሜራው ሲለወጥም መቅረጫው ከሚቀጥለው ካሜራ ጋር ይቀጥላል። ከንጹሕ ምስል ይልቅ ምልክት የተሞላበትን የሚያወጣ ካሜራ ያለው ደግሞ ገንዘቡን ቢያቆይ ይሻለዋል። በገላንና በሰበታ የሚሠሩ ባለሙያዎች አንድ መቅረጫ በጋራ ገዝተው በተራ ቢጠቀሙም የሚነቀፍ አይሆንም፤ ነገር ግን በጥር ወር ተራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር።

በቤታካም ዘመን የቀረውን ሁለተኛ ዐይን መመለስ የሚቻለውም በዚህ መሣሪያ ነው። ከቀራጺው ጋር መብራት ይዞ የሚዞር ወጣት አለ፤ ለዓመታት ከዚያ ሥራ አልፎ ሌላ የማይማር ብዙ ነው። ምርቃቱ ሲጀመር መብራቱ በማቆሚያ ላይ ቆሞ ያ ወጣት በመቅረጫው አጠገብ ይቀመጥ። ሥራው ቀይ ምልክቷን፣ የሚቀረውን ሰዓት፣ የባትሪውን መጠንና የድምፁን መርፌ ማየት፣ በጆሮ ማዳመጫም መስማት ነው። አንዱ ቢጎድል የቀራጺውን ትከሻ ይነካል። ካሜራማኑ በዚያች ግማሽ ሰዓት ዐይኑን ከሽማግሌው ፊት አያነሣም።

ማታ ወደ ቤት ሲገባ ዲስኩ ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ፋይሎቹ ከመጀመሪያቸው፣ ከመካከላቸውና ከመጨረሻቸው ተከፍተው ይታያሉ። የካሜራው ካርድ ከመልሱ በፊት አይደመሰስም። ከቤተሰቡ ጋር በሚደረገው ውል ላይም ጥሬው ቅጂ ለስንት ጊዜ በባለሙያው ዘንድ እንደሚቆይ ቢጻፍ በኋላ ከሚነሣ ቅሬታ ያድናል። ከተቀነባበረው ፊልም ሌላ ምርቃቱ ሳይቆረጥ፣ ሙዚቃም ሳይገባበት፣ እንደ ተቀረጸ በተለየ ፋይል ለቤተሰቡ ይሰጥ። የግማሽ ሰዓቱ ፕሮሬስ ወደ 28 ጊጋባይት ስለሆነ ለቤተሰብ አይመችም፤ በሴኮንድ ወደ 10 ሜጋቢት ሲጨመቅ ግን ከ2 ጊጋባይት ብዙም ስለማይበልጥ በአንድ ትንሽ ፍላሽ ይገባል።